በአንድ ትኬት ስንት ሰው ይሳፈራል?

አየር መንገዶች በትኬት ላይ አንድ ስም ብቻ ይጽፋሉ። እኛን ስለማያውቁን ነው። የእኛን አገር መንገደኛ አንድ ሰው ብሎ መቁጠር ሒሳብንም ቤተሰብንም መድፈር ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ቢያንስ ሁለት መኪና ሸኚ ይኖረዋል። አንዱ ሻንጣ ይሸከማል፤ ሌላው ባዶ እጁን ሆኖ «በጎኑ ያዘው፣ በጎኑ!» እያለ ያዛል። አንዷ ታለቅሳለች፤ ሌላዋ «መንገደኛ ፊት አይለቀስም» ብላ ትቆጣትና ራሷ ትብሳለች። ሕፃናቱ አውሮፕላን ሊያዩ መጥተው የመኪና ማቆሚያ አይተው ይመለሳሉ። የቦሌ ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ «ከዚህ ወዲያ ተሳፋሪ ብቻ!» ሲል ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፤ ትኬት የያዘው አንዱ ቢሆንም በልቡ ያልተሳፈረ ማንም የለምና።

አቀባበል ደግሞ ከሽኝት ይብሳል። ከሽኝት የቀረ ሰው «ሥራ ይዞት ነው» ይባልለታል። ከአቀባበል የቀረ ግን ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይነሣበታል። ስለዚህ አንድ ሰው «ማክሰኞ እገባለሁ» ያለ እንደሆነ የአንዱ አለቃ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የሌላው መኪና ይታጠባል፣ አበባ ይገዛል፣ ዶሮ ይታረዳል። በረራው ሲሰረዝ ታዲያ አየር መንገዱ ስሙ ለተጻፈው ለዚያ ለአንዱ ሌላ ወንበር ይፈልግለታል። ለቀሩትስ? ለፈቃዱ፣ ለታጠበው መኪና፣ ለአበባው ሌላ ቀን የሚቆርጥላቸው የለም። ለዶሮዋማ ነገሩ አልቋል።

በእኔ የደረሰው ባለፈው ጥር ነው። ገናን ፍራንክፈርት እህቴ ዘንድ አሳልፌ፣ ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች በአንዷ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ማክሰኞ ለምሳ አዲስ አበባ መግባት ነበረብኝ። ከፍራንክፈርት የተሳፈርንበት አውሮፕላን ገና ጎሕ ሳይቀድ በደህና አረፈ። ከኋላችን ጉም መጣ።

በረሃ ውስጥ ጉም ምን ይሠራል? ለእኛ ጉም ማለት ጣርማ በር ነው፤ ደጋና ገደል፣ መብራቱን አብርቶ የሚያዘግም የጭነት መኪና። የባሕረ ሰላጤው ጉም ግን ሜዳ ላይ ይወለዳል። በታኅሣሥና በጥር በረሃው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ፈጥኖ ይጥለዋል። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከባሕር የመጣው እርጥብ አየር ላዩ ላይ ይተኛና ወደ ጉምነት ይለወጣል። ያን ጊዜ በመስኮት ብንመለከት አጠገባችን የቆመው አውሮፕላን ጭራው እንጂ ሌላው አይታይም ነበር። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ጉሙ ብትን ብሎ ሄደ። እኛም ደስ አለን፤ ደስታችን የችኮላ ነበር። እኛን ሊወስድ ይመጣ የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ አጥቶ ሌላ ከተማ አርፏል። እሱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አብራሪዎቹ በሕግ የተፈቀደላቸው የሥራ ሰዓት ሞልቷል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ደቂቃ መብረር አይችሉም። ከአውሮፕላኖቹ የአንዱ መዘግየት ለሌላው ይተርፋል፣ የሌላው ለሦስተኛው። ጉሙ ሄደ፣ መዘዙ ቀረ። ሰሌዳው መጀመሪያ «ዘግይቷል» አለ፤ ቀጥሎ «ይጠብቁ» አለ፤ እኩለ ቀን ላይ በቀይ ቀለም «ተሰርዟል» ብሎ ዐረፈው።

የበረራ መሰረዝ የሰውን ጠባይ ያወጣል። ፈረንጆቹ ወዲያው ወደየስልካቸው አጎነበሱ። እኛ ወደ እርስ በርሳችን ዞርን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በጎን እየተያየን «ሐበሻ ነው? ኧረ ኬንያዊ ይመስላል» እየተባባልን በሆዳችን ስንገማመት የቆየን ሰዎች፣ በአንድ አፍታ የአገር ቤት ወረዳችንን፣ የአክስታችንን ባል መሥሪያ ቤትና የጨጓራ ሕመማችንን ተነጋገርን። አንዱ አዛውንት መድኃኒታቸው በሻንጣ ውስጥ መሄዱን ሲናገሩ ከየአቅጣጫው ክኒን ተዘረጋላቸው። ሐኪም ያልሆነ አንድም ሰው አልነበረም።

የሻይ ማኅበር እንኳ ሰብሳቢ ይፈልጋልና ሰብሳቢም አገኘን። ጥቁር አባያ የለበሰች፣ ከዐረብ አገር የቤት ሥራ ወደ ኮምቦልቻ የምትመለስ ልጅ ናት። እኔ እንግሊዝኛዬን አስተካክዬ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ከፊቴ አስቀድሜ ተሰልፌ ነበር። ያገኘሁት መልስ በጣም ጨዋ ነው፤ «እባክዎን ይጠብቁ።» እሷ መጥታ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ በዐረብኛ ተናገረች። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ብቻ ሠራተኛው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተከራከረ፣ በመጨረሻ ተነሥቶ ኃላፊውን ጠራ። ስትመለስ የምግብ ኩፖን፣ ብርድ ልብስ፣ የአዲሱንም በረራ ወሬ ይዛ ነበር። «ጋሼ፣ ስምዎን ይስጡኝ» አለችኝና በእጇ በያዘችው ወረቀት ላይ መዘገበችኝ። ልጅ የያዙ እናቶች መጀመሪያ፣ አረጋውያን ቀጥሎ፣ እንደ እኔ ያለው መጨረሻ። ማንም አላጉረመረመም። ዓመታት ሙሉ የሰው ቤት ስታስተዳድር የኖረች ልጅ አንድ አዳራሽ ማስተዳደር አያቅታትም።

ያን ቀን ስልኬ ያለማቋረጥ ይጮህ ነበር። ስለ እኔ ጤና የሚጠይቁ አልጠፉም፤ የሚበዙት ግን ስለ ሻንጣው ነበሩ። ከአውሮፓ የሚመለስ ሰው የራሱ ሻንጣ የለውም። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ከዚያ ውስጥ የእኔ የምለው አንድ ሹራብ ነበር። የቀረው አደራ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የጡጦ ወተት፣ ስልክ፣ ቸኮላት፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በየልኩ ጫማ። እህቴ ቤት ሻንጣው በእጅ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ 23 ኪሎ ከ400 ሲል የወጣው የእኔ ሸሚዝ ነው፤ የአደራው ጫማ አልተነካም። አሁን ታዲያ የአደራው ባለቤቶች ይደውላሉ። «ውይ፣ ተንገላታህ! በልተሃል? ብርድ ልብስ አለ?» ይሉና ትንሽ ዝም ብለው፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «ሻንጣውስ የት ነው?» ይላሉ።

አዲሱ ትኬት ሲመሽ መጣ። አዲስ አበባ መድረሻው «ረቡዕ 04:30» ይላል። ፎቶ አንሥቼ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩም «ሌሊት ነው» ብዬ ጻፍኩበት። አጎቴ ፎቶ ያያል እንጂ ከሥሩ የተጻፈ አያነብም። «ረቡዕ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል። ጥሩ ሰዓት ነው፣ ፀሐዩም ያምራል» ብሎ መለሰ። የታናሽ እህቴ ባል አረመው፤ «የፈረንጅ ሰዓት ነው ጋሼ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ረቡዕ ሌሊት።» ሰዓቱን አገኘ፣ ሌሊቱን ሳተ። ፈረንጅ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሰው ተኝቶ ሳያየው ነው። እኛ ቀን ነጋ የምንለው ሲነጋ ነው። ለእህቴ ባል የረቡዕ ሌሊት የሚመጣው ረቡዕ ውሎ ከመሸ በኋላ ነውና እኔን ለመቀበል የቀጠረው ከደረስኩ ከአንድ ቀን በኋላ ሆነ። እናቴ ከልጆቹ ስልኩን ተቀብላ በድምፅ «ለረቡዕ አጥቢያ ማለቱ ነው» ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እናቴን ግን ማን ይሰማል? ትኬት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች እየተከራከሩ ነው።

ክርክሩን ልቆርጠው ብዬ «ሌሊት ስለሆነ ማንም አይምጣ፤ ታክሲ ይዤ እገባለሁ» ስል ጻፍኩ። እኛ ቤት «አትምጡ» የሚል መልእክት ይሉኝታ ተብሎ ይመዘገባል። «ምስኪን፣ ላለማስቸገር ብሎ ነው እኮ» ተባለ፤ አጎቴ ወዲያው አንድ ተጨማሪ መኪና ፈልጎ አገኘ። ቃሌን ያከበረችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ልጆቹን አስተኝታ እሷም ተኛች።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከባሕር ዳርቻ ለመጣ ሰው የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት እንኳን ደህና መጣህ የሚለው መጀመሪያ ብርዱ ነው። የጥር ሌሊት አፍንጫን ይዞ ይሄዳል። ሻንጣዎቹ በደህና መጡ። የጉምሩክ ሠራተኛዋ አንዱን አስከፍታ ጫማዎቹን አየች፤ ከሕፃን ጫማ እስከ ቁጥር 44። እግሬን አየች። እንደገና ጫማዎቹን አየች። «አደራ ነው?» አለችኝ። «አደራ ነው» አልኳት። እሷም ሐበሻ ናት፤ «ዝጋው በቃ» ብላ አሳለፈችኝ።

ውጭ ሌሊት ነው ተብሎ ተቀባይ አልቀነሰም። ጋቢ የተከናነበ፣ አበባ ያቀፈ፣ ሕፃን ያዘለ ሰው መኪና ማቆሚያው ድረስ ቆሟል። አትምጡ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ዓይኔ ግን መልእክቱ አልደረሰውም መሰለኝ፣ ከሰው መሐል የሚያውቀውን ፊት ይፈልጋል። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ስሙ ሲጠራ ሮጠ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ አንገቷ ላይ ሦስት ሰው ተጠመጠመ። እኔ ጋሪዬን እየገፋሁ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሳይሆን ተቀባዩ መንገድ የተዘጋበት ሰው ለመምሰል ሰዓቴን አየሁ።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ቤተሰብ በዶልፊን ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ ነበር የመጣው። ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የመጡት ለማክሰኞ ምሳ ነበር፤ መቅረቷን ሲሰሙ «ታዲያ ወዴት እንሄዳለን?» ብለው ቀኑንም ሌሊቱንም እዚያው ዋሉ፣ አደሩ። ኮምቦልቻ የራሷ አየር ማረፊያ አላት፤ ልጅቱ ከቦሌ በአገር ውስጥ በረራ ብትቀጥል በአንድ ሰዓት ገደማ ቤቷ ትደርስ ነበር። ይህን ለእናቷ ባነሣ ጊዜ ቅር አላቸው፤ «በላያችን አልፋ ሄዳ፣ ማን ይቀበላታል? ተቀባዮቿ እዚህ ነን!»

እሳቸው ልጃቸውን አገላብጠው ስመው፣ አልቅሰው፣ «ከሳሽ» ብለው፣ ቀጥለውም «ወፈርሽ» ብለው ከጨረሱ በኋላ እኔን አዩኝ። ልጅቱ «አብሮን ያደረ ነው» አለቻቸው። እኔንም ሳሙኝ።

«ወገኖችህ የት አሉ ልጄ?»

«ሌሊት ስለሆነ አትምጡ ብዬ ነው እናቴ።»

«አትምጡ ተብሎ ይቀራል እንዴ!» እኔን በኀዘኔታ አዩኝ፤ የሌሉ ዘመዶቼን ደግሞ በቁጣ። ከልጃቸው አበባ ላይ አንዷን መዘው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «አብሽር፣ እኛ አለን። ቤትህ ወዴት ነው?»

«አያት።»

«አልሐምዱሊላህ፣ መንገዳችን ነው!»

እኔ አይሆንም፣ ታክሲ አለ፣ አላስቸግርም እያልኩ ሳለሁ ሁለት ጎረምሶች ሻንጣዎቼን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስረው ጨርሰዋል። በሽሽጉ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ከታክሲ ሹፌር ጋር ከመከራከር የተረፈ ሰው ያውቀዋል።

በሚኒባሱ ውስጥ የቀረ ወንበር አልነበረም፤ ግን ተገኘልኝ። አንዱ ልጅ አንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ቆሎ በእፍኝ መጣ፣ ከስንደዶ የተሠራ ትንሽ ሙዳይ ጉልበቴ ላይ «ያዝልኝ» ተብሎ ተቀመጠ። እንደገና አደራ። ቦሌን ጨርሰን ወደ መገናኛ ስንወጣ ከተማዋ ለሰው ፊቷን ሳታሰናዳ ያዝናት። ባርኔጣቸውን እስከ ጆሮ የደፉ የጽዳት ሴቶች ትናንትን ከአስፋልቱ ላይ ይጠርጋሉ። ቱታ የለበሱ ሯጮች በአፋቸው እንፋሎት እያወጡ ያልፋሉ። መገናኛ የታክሲው ሰልፍ ተጀምሯል፤ ረዳቱ ገና ባልተከፈተ ጉሮሮው «ሲኤምሲ፣ አያት!» ይላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ ከጎናችን ጨለማ ውስጥ ተዘርግቶ እስከ አያት አብሮን ይመጣል። በዚህ መሐል አዛን ተሰማ። ወዲያው ከሌላ አቅጣጫ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የኪዳን ጸሎት ተቀበለው። ሹፌሩ መስጊድ አጠገብ አቆመ፤ ወንዶቹ ወረዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ የወለቀ ጫማ ስጠብቅ ቆየሁ። ከፍራንክፈርት ጀምሮ ሥራዬ የሰው ጫማ መጠበቅ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

አያት ስንደርስ ሰማዩ ዳር ዳሩን ግራጫ ብሎ ነበር። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ከ2,334 ሜትር በላይ ያለው እውነተኛው አቀበት የሚጀምረው እዚያ ነው። «በቃ፣ እዚህ ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። እናቲቱ አልሰሙኝም። «በሩ ድረስ ነው እንጂ፣ ለማን አስረክበንህ እንሄዳለን?» ጎረምሶቹ ሻንጣ ተሸከሙ፤ አባትየው በትራቸውን ይዘው መሩ፤ ሴቶቹ ተከተሉ። ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ ሁሉም በጨዋነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን ቀስ አድርጎ እያነሣ ነበር የሚወጣው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነገሩ በድንገት ታየኝ። ጎሕ ሲቀድ ነው። ብዙ እግር ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል፣ ከፊት በትር የያዘ ሽማግሌ አለ። የሚሄዱት ደግሞ አባወራው ውጭ አገር መንገድ ላይ ወደ ቀረበት ቤት ነው። በአገራችን በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አኳኋን ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ!

«እናቴ!» አልኩ በሹክሹክታ፤ «ባለቤቴ መርዶ ሊመስላት ነው!»

እሳቸው ዘመን ያዩ ሴት ናቸው። ማብራሪያ አልጠየቁም። ቆም ብለው፣ ትንፋሽ ስበው፣ «እልልልልል!» አሉ። የቀሩትም ተከተሉ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ እልልታው ከታች እስከ ላይ ተመላለሰ፤ በየፎቁ መብራት በራ፤ ውሻ ጮኸ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ግን ከእልልታው በፊት ኮቴውን ሰምታ ኖሮ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗን አርሳ ወጥታ ነበር። እኔን በአካል ስታየኝ ነጠላዋን እዚያው ገለበጠችው። እንባው ግን አንዴ ስለተጀመረ አልተመለሰም፤ በደስታ ስም ጨረሰችው።

ባለቤቴ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው የማታውቃቸውን እናት ነው፤ ቀጥሎ የማታውቀውን ሽማግሌ፤ ከዚያ ከጎረምሶቹ ኋላ አንዲት አበባ የያዝኩ እኔን።

«ታክሲ ይዤ እመጣለሁ አላልክም?» አለችኝ።

«ይዤ መጣሁ» አልኳት፤ «ሞልቶ ነው እንጂ።»

እንግዳ ከመንገድ መጥቶ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም፤ ይህን መንገደኛውም ቤተኛውም ስለሚያውቅ ክርክሩ አጭር ነበር። ችግሩ ምግቡ ነው። ማክሰኞ ለእኔ የተሠራው ዶሮ ወጥ እኔ በሌለሁበት ግማሹ ተበልቷል፤ «ሰው ተጠርቶ አይመለስም» ተብሎ አቀባበሉ ተቀባይ ብቻ በተገኘበት ተከናውኗል። የተረፈው ደግሞ ለእነዚህ እንግዶች አይሆንም፤ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ግን ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ እኛም ጿሚዎች ነን፤ ዶሮ ወጡን የሚነካ በቤቱ የለም። የበላተኛውን ጉዳይ ረቡዕ ራሱ ፈታው። ሽሮ ተጣደ፤ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት እንጀራና ወንበር አመጣች፤ የሁለተኛ ፎቁ ደግሞ ስኳር። ቡናው ሲፈላ እናቲቱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ ለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለአብራሪዎቹ፣ ለጉሙም ሳይቀር። ሁላችንም «አሚን» አልን።

አጎቴ የደረሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴንና ልጆቹን አሳፍሮ ለ4 ሰዓት ተኩሉ ቦሌ ሊደርስ፣ ሦስት መኪና አስከትሎ፣ ሱፉን ለብሶ፣ እቅፍ አበባ ይዞ። በሩ ክፍት ነው፤ ደፉ ላይ ጫማ ተከምሯል። የኮምቦልቻው ሽማግሌ ብድግ ብለው «ኖር! እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ ይግቡ!» አሉት። እናቲቱ አበባውን ከእጁ ተቀበሉ፤ «ለልጃችን ነው? እግዜር ይስጥልን» ብለው ለልጃቸው ሰጡ። ጎረምሶቹ ኮቱን ተቀበሉት፤ እጁን አስታጠቡት፤ ወንበር ሳቡለት። አጎቴ የሰው ቤት የገባ መስሎት አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርጋችንን ፎቶ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ጣቴ ሽሮ ነክቷል።

«መጥተሃል?» አለ።

«ሌሊት ገባሁ ጋሼ።»

«ሳልቀበልህ እንዴት ትገባለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ማስተካከል እንደሚቻል ግን ወዲያው ነገረኝ፤ መኪናዎቹ ቆመዋል፣ ሰዓቱም ገና ነው፤ ቦሌ ሄደን ሻንጣውን ይዤ ከበሩ ብወጣ በሥርዓቱ ይቀበለኛል፣ ቪዲዮም ይነሣል። ያዳነኝ ሁለተኛው ሲኒ ቡና ነው። እሱን ይዞ ሲቀመጥ የአደራ ባለቤቶች መምጣት ጀመሩ፤ ቁጥር 44 ጫማም ሄደ፣ የጡጦ ወተቱም ሄደ። የእህቴ ባል ደወለና መኪናውን ለዛሬ ሌሊት እያሳጠበ መሆኑን ነገረን። እንዲያጥብ ተውነው።

ጨዋታው ከጉም ተነሥቶ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደሚሠራው አዲስ አየር ማረፊያ ሄደ። ሰው የሚያወራው ስለ ወጪው ነው፣ ወይም ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ መራቁ። አጎቴን ያሳሰበው ሌላ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ መታቀዱን ሰምቷል፤ ሲኒውን አስቀምጦ በጣቱ ማስላት ጀመረ።

«ለአንድ መንገደኛ አሥር ተቀባይ እንበል፤ ሸኚውን ትቼ ነው። አንድ ቢሊዮን ከ100 ሚሊዮን ሰው! የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ ወጥቶ ቢቆም አይበቃም። ይህን ያህል ተቀባይ ከየት ይመጣል?»

«አብዛኛው እኮ ትራንዚት ነው ጋሼ» አልኩት፤ «አውሮፕላን ቀይሮ የሚያልፍ ነው።»

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ትራንዚትስ ሰው አይደለም? ጉም ቢመጣበትስ? በሰው አገር ቁጭ ብሎ ሲያድር ማን እንኳን ደህና መጣህ ይበለው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። የኮምቦልቻዋ እናት ጥቂት አሰቡና እጃቸውን አነሡ።

«አብሽሩ» አሉ፤ «ሰው የጎደለ ጊዜ ደውሉልን። ሚኒባሱ የሠፈራችን ልጅ ነው።»